በአንድ ትንፋሽ ሀ ሁ

ባዶ እግራችሁን ሆናችሁ ካልሲ ያደረጋችሁ ከመሰላችሁ፣ ልታወልቁትም ጎንበስ ካላችሁ፣ የያዛችሁትን ሥራ አስቀምጡና ይህን አንብቡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሌለ ካልሲ ፈለግኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ከልጅነቴም ጀምሮ “ለምን?” ማለት አይለቀኝም። ከማቀዝቀዣ በረዶ አውጥቼ አውራ ጣቴ ላይ አስቀመጥኩና ቅዝቃዜው እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። ዘግይቶ መጣ። ገርሞኝ በሌላኛውም እግሬ ሞከርኩት። ባለቤቴ ውብነሽ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና “ልትሸጠው ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምረው?” አለችኝ። እሷ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ ዕቃ የሚገላበጠው ለገበያ ሲቀርብ ብቻ ነው ብላ ታምናለች።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሆዴን አሞኝ፣ ተቅማጥ ይዞኝ ለቆኝ ነበር። ሆድና እግር ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። ካልሲው ግን በቀናት ውስጥ ወደ ጉልበቴ ወጣ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከእጄ እየወደቀ ተማሪዎቼ ይስቁ ጀመር፤ አንዱማ “ቲቸር የስበት ሕግን በተግባር እያሳዩን ነው” አለ። እኔም ሳቅኩ። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ግን ግድግዳ ይዤ ነበር የምወጣው።

ጉርድ ሾላ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ደሜን ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎብሃል አለኝ። በዚህ ከተማ ይህን ሳይባል የኖረ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ እግሬ ባሰበት። ሁለተኛው ክሊኒክ ነርቭህ ደክሟል ብሎ የቫይታሚን መርፌ በመርፌ ላይ ወጋኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነው የሰጠኝ። እኔም እንደ ሞኝ እያንዳንዱን መድኃኒት ስውጥ እግሬን በመርፌ እየነካካሁ ለውጥ አለ የለም እያልኩ እመዘግብ ነበር። ለውጥ ነበረው፤ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ውብነሽ በመጨረሻ ጠበል እንሂድ አለች። ተወልጄ ያደግኩት እንጦጦ ነው፤ አባቴም እዚያው ቄስ ነበሩ፤ እኔም በልጅነቴ ፊደልና ዳዊት ተምሬ ድቁና የተቀበልኩት በዚያው ደብር ነው። በልጅነቴ በሩጫ የምወጣውን ዳገት አሁን ሁለት ሰው ደግፎኝ በጭንቅ ወጣሁት። ጠበሉ ዘንድ ስንደርስ አጥማቂው አባት ከሩቅ ሲያዩኝ ቆይተው ነበር። ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ነካ ነካ አደረጉና “ልጄ፣ ጠበሉ የትም አይሄድም፤ አንተ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው” አሉኝ። ረጩኝና መኪና እስኪመጣ ደጅ ድረስ ወጥተው ቆሙልኝ። በሕመሜ ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ትእዛዝ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ኮሪደር ወንበሩ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። እዚያ የሕመም ምስጢር የለም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ስለ ኩላሊታቸው ነግረውኝ ሳይጨርሱ ወደ ጎን መዘንበሌን አይተው ነጠላቸውን አጣጥፈው ጀርባዬ ሥር ወሸቁልኝ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ተራዬ ደርሶ ወጣቱ ሐኪም ጉልበቴን በትንሿ የጎማ መዶሻ መታ፤ እግሬ አልተነሳም። ሌላውንም መታ፤ አልተነሳም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ምን እንዳየ እንዲነግረኝ ለመንኩት።

ጊላን ባሬ ይባላል አለኝ። ሲያስረዳኝ የሰውነቴ ዘበኞች በሆዴ የገባውን ጀርም አባረው ሲያበቁ ጠላት ገና ያለ መስሏቸው የራሴን ነርቭ ሽፋን ያጠቃሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ ማለት ነው፤ ሽቦው አለ፣ መልእክቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። አብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ይድናል። አንድ የሚያስፈራ ነገር ግን አለ፤ ድካሙ ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ ደረት ከደረሰ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ተኝቼ ትንፋሼ መጠበቅ አለበት። ከባሰብኝ የሚሰጠኝ መድኃኒት ደግሞ በጣም ውድ ነው፤ በቀላሉም አይገኝም። ውብነሽ መድኃኒቱ ስንት እንደሆነ ሰምታ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት ያን ቀን ከሰዓት ሾላ ሄዳ የዕቁብ ጓደኞቿን ተራዋን እንዲያስቀድሙላት ለመነች፤ ዕጣ ደርሷት የነበረችው ሽንኩርት ሻጭ ለእሷ ለቀቀችላት።

እንግዲህ የኔ ሕይወት በትንፋሼ ላይ ተንጠለጠለ፤ ትንፋሼን የሚጠብቁት ደግሞ ነርሶች ናቸው። ሐኪሙ በቀን ሲመጣ ያየኛል ይሄዳል። ነርሶቹ ግን አሉ። የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ንግሥት ይባላሉ፤ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ የማላውቃቸው ሴት ናቸው። የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ዋርዱ ውስጥ አልነበረም። ጣት ላይ የምትቆነጥጥ የኦክስጅን መለኪያ አለች፤ እሷ ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው የምትናገረው። ስለዚህ ሲስተር የራሳቸውን ዘዴ አምጥተዋል። በሽተኛው አየር በደንብ ይስብና በአንድ ትንፋሽ ሀ ሁን ይላል። የት ደረሰ? መ ላይ? ረ ላይ? ከትናንቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ደረቱ እየደከመ ነው፤ ወዲያው ሐኪም ይጠራል።

በቁጥር ለምን እንዳልሆነ ጠየቅኳቸው፤ እኔ ሳልጠይቅ አልተኛም። ቁጥር ሲቆጥር ሰው እንደ ሥራው ይለያያል አሉኝ። ነጋዴው ይቸኩላል፣ ሽማግሌው በየአሥሩ ያርፋል። ሀ ሁን ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚለው። ዘዴው እውነትም ደስ አለኝ። መለኪያ ርካሽ፣ የማይሰበር፣ ሁሉም እቤቱ የተማረው።

በቀን ብዙ ጊዜ የምትለካኝ ሲስተር ሀያት ነበረች። ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች፣ ከኮተቤ በታክሲ መገናኛ ወርዳ እንደገና ወረፋ ይዛ የምትመጣ ልጅ ናት። ግሉኮሱ ከፍ ተደርጎ ሲሰቀል ለምን እንደሚፈጥን ስነግራት ዓይኗ በራ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር ነው የምትለኝ። ተኝቼ ሳያቸው ሳያቸው አንድ ነገር ገባኝ፤ ከነርሶቹ አንዷ ከቀረች ሌሎቹ የእሷንም እግር ጨምረው ይራመዳሉ። ምሳቸውን ሳይበሉ የሚመሽባቸው ቀን ብዙ ነው። ሥራውን ትተው የሄዱ ጓደኞቻቸውን ስም ሲያነሱ እንደ ሟች ነው የሚያነሷቸው።

ዋርዱን ሁሉ የሚያነጋግር ነገር ደግሞ ነበር። በኮሪደሩ ጫፍ ድሮ አንሶላ ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል አለ። ተረኞች ሲቀያየሩ፣ በርክክብ ሰዓት፣ አንዷ ነርስ ውጭ ትቀርና ሌሎቹ ሁሉ፣ ገቢውም ወጪውም፣ እዚያ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። ከአጠገቤ የተኛው የሲኖትራክ ሹፌር ዕቁብ ነው ይላል። አስታማሚዎች ሻይ ይጠጣሉ ይላሉ። ውብነሽ ከሁሉም ባሰች፤ ደንበኛ ቆሞ ሱቅ ዘግቶ የሚያወራ ነጋዴ አይቼ አላውቅም ብላ ለአስተዳደሩ ሄዳ ተናገረች። እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ቅሬታው በርክቶ አስተዳደሩ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ሊወስደው ነው የሚል ወሬ ነበር።

እኔን ግን ከመናደድ ይልቅ ማወቅ አማረኝ። ሲገቡና ሲወጡ ፊታቸውን አጠና ጀመር። ሲገቡ ሁሉም ደክሟቸዋል። ሲወጡ አንዳንዷ እየሳቀች ነው፣ አንዳንዷ ዓይኗ ቀልቷል። ሻይ ሰው አያስለቅስም፤ ዕቁብም ዕጣ የወጣበትን ካልሆነ አያስቅም። ሀያትን ጠየቅኳት። ፈገግ አለችና “የወደቀብንን እንለቅማለን፣ ቲቸር” አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ። የሹፌሩ ግምት በመጨረሻ ጸሎት ነው ወደሚል ተለወጠ፤ እኔ ግን መልስ አላገኘሁም።

ትንፋሼ ጥሩ ነበር። እጆቼ ደከሙ፣ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ፣ ሀ ሁ ግን በየቀኑ ያው ሸ ድረስ። ሀያት ትጽፋለች፣ ሐኪሙ ያነባል፣ ይደሰታል። ድካሙ ወደ ላይ መውጣቱን ሳያቆም አልቀረም ተባለ። ውዱ መድኃኒት ለጊዜው ይቆይ፤ እንዲያውም ቦታ ለሚፈልግ ሌላ በሽተኛ አልጋ ለቅቄ ቤቴ ሆኜ ልከታተል እችል ይሆናል የሚል ነገር ተነሳ። ውብነሽ የዕቁቡን ብር ይዛ እፎይ አለች።

አንዳንድ ነገሮች ግን አስገረሙኝ። ሻይ እፍ ብዬ ማቀዝቀዝ አቃተኝ፤ ውብነሽ ታቀዘቅዝልኝ ጀመር። ትራስ ካልተደራረበልኝ መተኛት ጠላሁ። ሳል ሲመጣ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ አየሁት፤ ግን ለተማሪዎቼ ስሜታችሁና መለኪያችሁ ከተጣሉ መለኪያውን እመኑ እያልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መለኪያው ሸ ድረስ ነው የሚለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

አንድ ቀን በጥየቃ ሰዓት የልጅነት ጓደኛዬ መሪጌታ አክሊሉ ከእንጦጦ ወርዶ ብርቱካን ይዞ መጣ። አንድ የኔታ ሥር ነው ፊደል የቆጠርነው። እግዚአብሔር ይማርህ ብሎ ሳይቀመጥ ሀያት ለመለካት ደረሰች። ውብነሽም ነበረች። እኔም እንግዳ ፊት ስለሆንኩ ጠንከር ብዬ አየር ሳብኩና ሀ ሁ ሂ ብዬ ጀመርኩ፤ ሸን ጨርሼ ቆምኩ። ሀያት ልትጽፍ ስትል መሪጌታ ሳቀ።

“አንተ ልጅ፣ ዛሬም ትንፋሽ ትሰርቃለህ? የኔታ ቢኖሩ ጆሮህን ይዘው ያወጡህ ነበር።”

ሀያት እጇን አቆመች። “ምን ማለት ነው፣ አባ?”

መሪጌታ ነገሩ ቀልድ ብቻ መስሎት አስረዳት። የኔታ መሐል ላይ ቆሞ የሚተነፍስ ልጅ አይወዱም ነበር፤ አለንጋቸው ትንፋሽ ከሚወስደው ልጅ ጀርባ ላይ ነው የምታርፈው። ስለዚህ ብልጦቹ መስረቅ እንማራለን። የአንዱ ቤት የመጨረሻ ፊደል፣ ለምሳሌ ሆ፣ አልቆ የሚቀጥለው ሳይጀምር፣ አፍ ሳይዘጋ፣ በአፍንጫ ስስ አየር መቅዳት። የቅርብ ሰው እንኳ አይሰማውም። ዳዊት ስንደግም ሰው እነዚህ ልጆች ሳምባቸው ከምን ተሠራ ይል ነበር። ከሁላችንም ጎበዝ ሌባ ይትባረክ ነበር አለ ወደኔ እያየ።

እኔ ትንፋሽ እየሰረቅኩ መሆኔን አላወቅኩም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሀ ሁን እንዲያ ነው የምለው፤ ሰው ሲራመድ የትኛውን እግር እንደሚያስቀድም እንደማያስበው ሁሉ አስቤው አላውቅም። ሀያት ፊቷ አመድ መሰለ። ያም ሆኖ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አድርጋ “ቲቸር፣ አንድ ረጅም አ ይበሉልኝ። እሱ መስረቂያ ቦታ የለውም” አለችኝ።

አ ብዬ ጀመርኩ። ውሃ ሊቋረጥ ሲል ቧንቧ እንደሚያደርገው ድምፄ ሳሳና ቀጥ አለ። እንደገና አለችኝ። ከመጀመሪያው አጠረ። በሽታው ከጀመረኝ ጊዜ አንስቶ ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ማወቅ ፍርሃቱን ይቀድመው ነበር። ያኔ ግን ፈራሁ። ሀያት ወደ ኮሪደሩ ሮጠች፤ ሲስተር ንግሥትና ሐኪሙ ሲመጡ መሪጌታ ብርቱካኑን እንደያዘ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ያንኑ ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። በጉሮሮዬ ቱቦ ገብቶ ማሽን ይተነፍስልኝ ጀመር። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ እዚያው አልጋዬ ላይ ሸ ሸ እያልኩ ብቀጥል ኖሮ አንድ ቀን ባንድ ጊዜ እዝል ነበር። ቤት ሆኜ ቢሆንማ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም። የዕቁቡ ብር መድኃኒቱን ገዛ።

የማሽኑን ጊዜ ብዙ አላወራም። ማታ ማታ ማሽኑ ቢጠፋስ እያልኩ ድምፁን እቆጥር ነበር። መናገር አልችልም፣ እጄ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኔ ብቻ ነው የኔ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ውብነሽ ናት። ንዴቷ ሀያት ላይ ወጣ። አጠገቤ ቆማ፣ ልጅቷ ልትገድልህ ነበር፤ እከሳታለሁ፤ ሥራዋን አስለቅቃታለሁ ትላለች። እኔ እሰማለሁ። ዓይኔን አፈጥባታለሁ፤ የባሰ ያመመኝ መስሏት ታለቅሳለች።

እዚያ ያለ አንድ ነርስ ችግሬን ገመተና ሕፃናት የሚማሩበትን የሀ ሁ ገበታ ከውጭ አስገዝቶ አመጣ። ፊደላችን ዓይኑ ብቻ ለቀረለት ሰው የተሠራ ይመስላል፤ ጣት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ቤቱን በቅንድብ እይዛለሁ፣ ከዚያ ወደ ጎን ሲሄድ ፊደሉን። ውብነሽ ጣቷን አንሸራተተች። የመጀመሪያው ሀ ነበር። ሐኪም ልጥራ? አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ ያ። ቀጥሎ ት። እጇ ቆመ። ቀጥዪ ብዬ ገበታውን አየሁ፤ ን። ከዚያ ተ፣ ከዚያ ያ፣ ከዚያ ት።

“ሀያትን ተያት” ብላ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግታ ተቀመጠች።

ትንፋሼ ተመልሶ፣ ቱቦው ወጥቶ ወደ ዋርዱ ስመለስ ሀያት አልነበረችም። እረፍት ወጥታ ነው፣ አሟት ነው የሚል የተለያየ መልስ ሰጡኝ። ልቤ ተሰበረ። እኔ በዓይኔ ለምኜላት ሥራዋን ካጣች ልመናዬ ምን ረባ? ሲስተር ንግሥትን ስጠይቃቸው ቀጥታ አልመለሱልኝም። ርክክብ ሲደርስ ግን ተሽከርካሪ ወንበር አስመጡ። “ጋሽ ይትባረክ፣ ያን ክፍል ማወቅ እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ዛሬ ይግቡ” አሉኝ።

በሩ ተዘጋ። ሻይ የለም። ወንበሮች ተጠጋግተው ነርሶቹ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ሀያት አለች፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ። ያን ሰሞን ሥራ አልመጣም ብላ ቤቷ ተቀምጣ እንደነበር በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ሲስተር ንግሥት ኮተቤ ድረስ ሄደው ከእናቷ ጋር ሲጫወቱ አመሹና ሲወጡ፣ ነገ ስለ ራሴ የምናገረው አለኝ፣ አንቺ ከሌለሽ ለማን እናገረዋለሁ ብለዋት ሄዱ።

ሲስተር ዙሪያውን አዩ። “እንደ ልማዳችን መጀመሪያ የኔን” አሉ። “የኔ ያመለጠኝ እኚህ ሰው ናቸው። ሀ ሁን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚለው ብዬ ያስተማርኳችሁም እኔ ነኝ። ቤተ ክህነት የተማረ ሰው እንዴት እንደሚያነብ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሀያት የያዘችው መለኪያ የኔ ነበር።”

ከዚያ ቀጣይዋ የራሷን ተናገረች፤ አንድ እናት ሕመም ማስታገሻ ጠይቀዋት ረስታ ዘግይታባቸዋለች። ሌላዋ አስታማሚ ላይ ጮኻለች። ሌላው ነርስ መገላበጥ የነበረበትን በሽተኛ ሳያገላብጥ ቆይቷል። እንዲህ እየተባለ ዞረ። የሚሰማው አይፈርድም፤ የሚችል ያንን ነገር ተቀብሎ አሁኑኑ ይወጣና ያስተካክላል። የወደቀብንን እንለቅማለን ያለችኝ ይህንን ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ አለቃዋ የራሷን ሳትናገር ማንም አይጠየቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለበሽተኛ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ያፈረ ነርስ የሚደብቀው ነገር በኔ ላይ እንደሚወድቅ የገባኝ እዚያ ነው። ዓይናቸው ቀልቶ የሚወጡትም፣ እየሳቁ የሚወጡትም ለምን እንደሆነ ተመለሰልኝ።

ተራው ሀያት ጋ ሲደርስ ሻሿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። ስለዚህ እኔ የኔን ልናገር አልኩ። የኔ ያመለጠኝ ሻዩ ነው፤ እፍ ማለት ሲያቅተኝ ዝም አልኩ፣ መለኪያውን አምኜ ማለት ነው። ከዚያ የየኔታን ስርቆት አሳየኋቸው። ደካማ ሳምባዬ በሚችለው ሀ ቤትን ጨርሼ ለ ቤት ስገባ በመሐል አየር ቀዳሁ፤ አንዳቸውም አልሰሙም። ደገምኩት። ሁሉም ይሞክሩት ጀመር፤ አንዷ ትን አላት፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሀያትም ሳቀች፤ ከዚያም “እኛ ቁርኣን ስንቀራ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ በምልክት ተለይቶ ነው፣ በግልጽ ነው የሚወሰደው። እናንተ ቤት ሌብነት መሆኑን በምን አውቄ?” አለችኝ። ከሲስተር ንግሥት በቀር በሳቅ ያልወደቀ አልነበረም፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋርዱ ሀ ሁን በረጅሙ አ ተካው፤ ነርሷ መዳፏን ጀርባ ላይ አድርጋ ነው የምትሰማው።

ስወጣ ውብነሽ በሩ ላይ ነበረች። ያየሁትን ነገርኳት። እሷም “እኔስ ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ ሚዛኔን አይደል የማየው” ብቻ አለች። በማግስቱ አስተዳደሩ ዘንድ ሄዳ ቀድሞ የተናገረችውን መልሳ ወሰደች። አዲስ የመጡ አስታማሚዎች በተዘጋው በር ላይ ሲያጉረመርሙ፣ ይታገሡ፣ ሚዛን እያስተካከሉ ነው ትላቸው ነበር። ክፍሉን ማንም አልወሰደው። የእሷ ቃል ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም።

መዳን ቀስ ይላል። ነርቭ እንደ ቡቃያ ነው፤ ጎትተህ አታሳድገውም። መጀመሪያ ትከሻዬ፣ ከዚያ እጄ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ የመጀመሪያዋ አውራ ጣት ተመለሰች። ካልሲው ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማኛል። በሽታው ለጀመራችሁ የምለው አለኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሐኪም ቤት ሂዱ። ድካም ከእግር ወደ ላይ ከወጣ ቫይታሚን ይበቃል የሚላችሁን አትመኑ። ደግሞ የሚንከባከቧችሁን ሰዎች ምሳ በልተዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን ደግነት ብቻ ብላችሁ አታስቡት፣ ትንፋሻችሁ በእነሱ እጅ ነው። ሻዩን እፍ ማለት ካቃታችሁም ንገሯቸው።

ወራት አልፈው ለክትትል ስሄድ በከዘራ እራመዳለሁ። ሲስተር ንግሥት ሌላ ዋርድ ያንኑ ልማድ ሊያስጀምሩ ሄደዋል። እኔ የተኛሁበት ዋርድ ተረኛ መሪዋ ሀያት ሆናለች። በዚያች ጠባብ ክፍል በር ላይ ገና የተመረቁ ነርሶች ከብበዋት ደረስኩ። ልመለስ ስል አየችኝና በእጇ ጠራችኝ። ልጆቹ ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ ወንበር ሊሰጡኝ ተነሱ። ሀያት ግን ትከሻዬን ይዛ መሐላቸው አቆመችኝ።

“እዚህ ቤት መጀመሪያ የሚናገረው ኃላፊው ነው” አለቻቸው። “የኔ ያመለጠኝ ይኸው ቆሟል።”

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አንዱንም ሳትደብቅ። ስትጨርስ ወደኔ ዞራ ሀ ሁን እንድልላቸው ጠየቀችኝ። መዳፏ ጀርባዬ ላይ ነበር። ሀ ብዬ ጀመርኩ፣ ለን አለፍኩ፣ መ ቤትን ስጨርስ አየር አጠረኝ። እዚያው አቆምኩ፤ ሁሉም እየሰሙኝ ጮክ ብዬ ተነፈስኩ።